ቮልሴ ዝም ካለች ወዲህ ዳገት እምቢ አለች

የቧንቧ ውሃው | ሰኞ ማታ
ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነኝ። የአባቴን ቮልስ ነው የምነዳው። በፈረንጅ 1970 ሞዴል፣ 1300 ሞተር። አባዬ ዓይኑ ስለደከመ መሪውን ለቆልኛል። አስተያየቱን ግን አልለቀቀም።

መኪናዋ ሐይቅ ከተማ፣ አጎቴ ግቢ፣ ጭድ ክምር አጠገብ ሁለት ዓመት ያህል ቆማ ነበር። አሮጌውን ቤንዚን አፍስሼ፣ ባትሪ ገዝቼ፣ ካርቡራተር አሳጥቤ አስነሳኋት። ደህና ነበረች። አንድ ነገር ብቻ፤ ከኋላ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ትላለች፣ ልክ እንደ ስፌት መኪና። ሰው ዞሮ ያያል። አፈርኩ።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ስሙ ይቅር። ልጁ ሞተሩ እንደሞቀ ጆሮውን ደቅኖ ፑንቴሪያውን (የቫልቮቹን ክፍተት) አንድ በአንድ አጠበቀው። ድምፁ ድርግም አለ። ጎበዝ ብዬ ጉርሻ ሁሉ ጨምሬለት ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ኮምቦልቻ ወርጄ ስመለስ፣ በሦስተኛ ማርሽ የምትወጣውን ዳገት በሁለተኛ፣ መጨረሻ ላይ በአንደኛ ሆነ። ባጃጅ ቀደመኝ! ከማርሚታው ፑፍ ፑፍ ይላል። ጠዋት ስትነሳ ምንም አትል። ከሞቀች በኋላ ግን ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ በዝግታ መሥራት) አትይዝም፣ ትንቀጠቀጣለች። ካንዴላ ቀየርኩ። ፑንቲና (ዲስትሪቡተሩ ውስጥ ያለውን መቆራረጫ) ቀየርኩ። ኮይል ከጓደኛ ተውሼ ሞከርኩ። ያው ናት። ምን ላድርግ?

የመርሳ ልጅ
ቤንዚን ከየት ነው የምትቀዳው? የጄሪካን ከሆነ ውሃ ጠጥታ ይሆናል። እኔ አንዴ ሦስት ቀን ሙሉ ካርቡራተር ስፈታ ስገጥም ከረምኩ። ለካ ውሃው ታንከር ስር ተኝቶ ይስቅብኛል።

የቧንቧ ውሃው
ከማደያ ነው፣ ተሰልፌ። በጠርሙስ ቀድቼም አሳደርኩት። ውሃ የለውም።

ሐይቅ ዳር
ወንድሜ፣ የኔዋም እንዲህ አድርጋ ነበር። ካርቡራተሩ ስር ያለው ጋስኬት አየር ይስብ ነበር። ሞተሩ እየሠራ ዙሪያውን የካርቡራተር ማጠቢያ ስፕሬይ ንፋበት። ድምፁ ከተቀየረ አየር እየሳበ ነው። ቤንዚን እንዳትረጭ ብቻ። ጎረቤታችን ቅንድቡን ያጣው እንደዛ ነው።

ቦሌ ነኝ
ለምን ትደክማለህ ብሮ? ሞተሩን ጣልና የኮሮላ ግጠምባት። ይቺ እኮ ጊዜዋ አልፏል።

የመርሳ ልጅ
የኮሮላ ሞተር? ራዲያተሩን የት ልታስቀምጠው ነው፣ ጣራዋ ላይ? ይቺ ዘር እኮ ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣች ናት። ትንሽ ክብር ስጣት።

ጋሽ ዳዶ | ማክሰኞ ጠዋት
ልጄ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። መጀመሪያ ድምፁ ጠፋ፣ ቀጥሎ ጉልበቱ ጠፋ።

ቫልቭ ጠቅ ጠቅ የሚለው በሮከሩ (ቫልቩን ገፍቶ በሚከፍተው ክንድ) እና በቫልቩ ጫፍ መሃል ክፍተት ስላለ ነው። ክፍተት ካለ ቫልቩ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ክፍተቱን ካጠፋኸው ድምፁም ይጠፋል፤ ቫልቩ ግን መቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ደግሞ ሙቀቱን የሚያራግፈው በዋናነት ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ባረፈ ጊዜ ነው። ካላረፈ ይግላል። ሲግል ይረዝማል። ሲረዝም የባሰ ይከፈታል። እሳቱ በጠርዙ እየሾለከ ይልሰዋል። ጠዋት ደህና የምትሆነው ቫልቩ ገና ስላልጋለ ነው።

የሚጮህ ቫልቭ አያስተኛህም እንጂ መኪናህን አይገድልም። ዝም ያለውን ፍራ።

ሦስት ነገር ንገረኝ። ልጁ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካው ስስ ብረት) ለክቷል ወይስ በጆሮ ብቻ? የደከመው የትኛው ሲሊንደር ነው? ሞተሯ ሚኒሞ ላይ እያለች የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀል፤ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ፒንሳ፣ አለበለዚያ ይነዝርሃል። ሲነቀል ድምፁ የማይለወጠው እሱ ሞቷል። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ክፍል ዙሪያውን ያለው ላስቲክ አለ ወይስ ተቆርጦ ወድቋል?

የቧንቧ ውሃው
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጌጅ የሚባል ነገር በእጁ አላየሁም። ከኋላ ቆሜ ሳይ በግራ በኩል ያለው፣ ወደ ሾፌሩ ወንበር የቀረበው ሲነቀል ምንም ለውጥ የለም። የሌሎቹ ሲነቀሉ ልትጠፋ ትደርሳለች። ላስቲኩን አሁን እርስዎ ሲሉ ነው ያየሁት። በግራ በኩል ግማሹ የለም።

ጋሽ ዳዶ
ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። ሳትነግረኝም እገምት ነበር።

በነዚህ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ማራገቢያው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ልክ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ቆሟል። ለሲሊንደሩ የሚደርሰው አየር አስቀድሞ በሱ በኩል ሞቆና ተቀንሶ ነው የሚያልፈው። ፋብሪካው ራሱ ስለገባው ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከቦታው አውጥቶ የራሱን ቆርቆሮ ቤት ሠራለት። ያንተዋ ያ ማሻሻያ አልደረሳትም። በዛ ላይ ላስቲኩ ሲጎድል ከስር ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ ይሳባል።

የመርሳ ልጅ
አቦሏ ደህና፣ ቶናዋ ደህና፣ በረካዋ ነው ያረረችው በሉኛ።

ጋሽ ዳዶ
ሃሃ፣ እንደዛ በለው።

ነገ ጠዋት ከማስነሳትህ በፊት ክፈተው። ሌሊት ያደረ፣ እጅህን ስታሳርፍበት ቅዝቅዝ የሚል ሞተር መሆን አለበት። ሞቆ የተለካ ፑንቴሪያ እንዳልተለካ ቁጠረው።

የዲስትሪቡተሩን ክዳን አንሳ። ዲናሞው ፑሊ ላይ ያለውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዘህ በሰዓት አቅጣጫ አዙር። ችንጋው ከላላ ይንሸራተትብሃል፤ በሌላ እጅህ ጫን በለው። ታች ያለው ፑሊ ላይ ያለችው ምልክት ሞተሩ ለሁለት ከተገጠመበት መስመር ጋር ስትገጥም፣ ሮተሩ ደግሞ ዲስትሪቡተሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን ጭረት ሲያይ፣ አንደኛ ሲሊንደር ነህ። ሁለቱም ቫልቮች ልቅ መሆን አለባቸው። ፑሊው ላይ በትክክል ተቃራኒው ቦታ የጥፍር ቀለም ቀባ፤ ከእህትህ ለምን። ከዚያ ፑሊውን ወደ ኋላ ግማሽ ዙር ስትመልሰው ሁለተኛ፣ እንደገና ግማሽ ሦስተኛ፣ እንደገና አራተኛ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ 1-4-3-2 እያለ ይምታታበታል። እሱ የማቀጣጠሉ ተራ ነው። ወደ ኋላ ከዞርክ 1-2-3-4 ብለህ ትሄዳለህ።

የቫልቭ ክዳኑን የሚይዘውን ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ጫን ስትለው ይለቃል። ከስሩ ጣሳ አድርግ፣ ዘይት ይንጠባጠባል። በየቴስታታው (ቫልቮቹ ባሉበት የሞተር ራስ) ዳርና ዳር ያሉት ጭስ ማውጫ ናቸው፣ መሃል ያሉት ሁለቱ ማስገቢያ። ዳዶው 13 ነው። ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ለሁሉም። ጌጁ ሲገባ ቅቤ ውስጥ እንደሚጎተት ቢላ ትንሽ ይዝ ይዝ ማለት አለበት። ዳዶውን ካጠበቅህ በኋላ እንደገና ለካ፤ ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ይዞራል።

ዋናውን ልረሳ፤ ከመንካትህ በፊት እንዳለ ለክተህ ጻፍ። የስምንቱንም። ካስተካከልክ በኋላ ምን እንደነበረ የሚነግርህ የለም።

ሐይቅ ዳር
ጋሼ፣ እኔ ጋ ያለው የድሮ መጽሐፍ ግን 0.10 ይላል። የቱ ነው ልክ?

ጋሽ ዳዶ
መጽሐፍሽ አልተሳሳተም እህቴ፣ በጊዜው እንደዛ ነበር። ፋብሪካው በኋላ ወደ 0.15 ከፍ አደረገው። ድምፁ ትንሽ ይጨምራል፣ ቫልቩ ግን ዕድሜ ያገኛል። እንዲያውም የድሮዎቹ 1200 ሞተሮች፣ ረጅሙ የሮከር ብሎን ያላቸው፣ ማስገቢያው 0.20፣ ጭስ ማውጫው 0.30 ነው። ማራገቢያው ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካልተላጠ እሱን እይ።

የቧንቧ ውሃው | ረቡዕ
ለካሁ። አባዬ በርጩማ አምጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ቁጥሩን እየጻፈልኝ ነበር። ማስገቢያዎቹ ከ0.05 እስከ 0.10። ጭስ ማውጫዎቹ አንደኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ 0.05 አካባቢ። ሦስተኛው ዜሮ! በጣም ቀጭኑ ጌጅ እንኳ አልገባም፤ ሮከሩ በእጅ ንቅንቅ አይልም። ብሎኑን ብዙ መልሼ ነው 0.15 የገባው።

ሁሉንም 0.15 አድርጌ አስነሳኋት። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ይኸው ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ግን ሚኒሞ ያዘች! ነገ ኮምቦልቻ ደርሼ እመጣለሁ።

የመርሳ ልጅ
አብሽር፣ ባጃጁን ፈልገህ ቅደመው።

የቧንቧ ውሃው | እሑድ
ሐሙስ በሦስተኛ ማርሽ ወጣች። ዓርብም ደህና ናት። ቅዳሜ ደግሞ መድከም ጀመረች። ዛሬ ጠዋት ቀዝቃዛዋን ከፈትኩ። ሰባቱ 0.15 እንዳሉ ናቸው። የሦስተኛው ጭስ ማውጫ ከ0.05 በታች። የሄድኩት 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዳዶውን በደንብ አላጠበቅኩት ይሆን?

ጋሽ ዳዶ
ዳዶው ቢላላ ኖሮ ክፍተቱ ይሰፋ ነበር፣ አይጠብም። አቁማት። እውነቴን ነው፣ ሱቅ ድረስም አትሂድባት።

ያስተካከልከው ቫልቭ በዚህ ፍጥነት ከጠበበ አንዱ ነው፤ ወይ መቀመጫው ወደ ቴስታታው እየሰመጠ ነው፣ ወይ ቫልቩ አንገቱ ላይ እየቀጠነ እየተሳበ ነው። የተሳበ ቫልቭ አንድ ቀን ጭንቅላቱ ይቆረጥና ፒስቶኑ ላይ ይወድቃል። ያኔ የምታወራው ስለ አንድ ቫልቭ አይሆንም። እያስተካከሉ መንዳት የሚባል ነገር እዚህ ላይ የለም።

ከማውረድህ በፊት ኮምፕሬሽኑን ለካ፣ ቢያንስ ለአባትህ የምታሳየው ነገር ይኑርህ።

የቧንቧ ውሃው | ማክሰኞ
ጌጅ ተውሼ ለካሁ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ (አባዬ ነው የረገጠልኝ)። በፒ.ኤስ.አይ አንደኛ 95፣ ሁለተኛ 90፣ ሦስተኛ 40፣ አራተኛ 90። ኢንተርኔት ላይ ግን ጤነኛ ሞተር ከ100 በላይ ይላል። ሌሎቹም አልቀዋል ማለት ነው?

ቶርኖ ቤት
ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው፤ ጣልቃ ልግባ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ቁጥር የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች፤ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጌጅህም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። 90 ደሴ ላይ ጥሩ ነው። የምታየው እርስ በርስ ያላቸውን ልዩነት ነው፤ 90 እና 40 አንድ ቤት አያድሩም።

ሰው ፋሻውን (የፒስቶኑን ቀለበት) ለመለየት ዘይት ጠብ አድርግበት ይልሃል። ቮልስ ላይ አትመነው። ሲሊንደሩ በጎኑ የተኛ ስለሆነ ዘይቱ ከታች ይጠራቀማል እንጂ ፋሻውን ዙሪያውን አያለብሰውም። ከዚያ ይልቅ ጎሚስታ ጋ ግፋት። የአሮጌ ካንዴላ ሸክላውን ሰብረህ አውጣና ቀሪው ብረት ላይ የአየር መግቢያ አስበይድበት። ሦስተኛውን ሁለቱም ቫልቭ የሚዘጋበት ቦታ አድርገህ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብተህ፣ የእጅ ፍሬን ስበህ አየር ልቀቅበት። ከዚያ ስማ። በካርቡራተር ካፏጨ ማስገቢያው ነው። በዘይት መሙያው ከመጣ ፋሻው። በማርሚታው ከሆነ ታውቀዋለህ።

የቧንቧ ውሃው
በማርሚታው። ጎሚስታው ልጅ «ጎማዋ የት ነው የተበሳው?» አለኝ። ፉጨቱ መንገድ ማዶ ይሰማል።

የመርሳ ልጅ
በረካ ነፍስህን ይማር።

የቧንቧ ውሃው | ከሳምንት በኋላ
ይቅርታ ጠፋሁ። ሞተሩን አወረድነው። አራት ብሎን፣ በ17 ቁልፍ፣ ያው ነው የያዛት። ክብደቱ ግን ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ ክሪክ ከስሩ ሳታስገባ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንዳትፈታ።

አሁን ጉዱን ስሙ። ማራገቢያው ቆርቆሮ ሲነሳ የዘይት ማቀዝቀዣው ላይ ምን ነበር? የአይጥ ጎጆ! ጭድ፣ ላባ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ክር፣ የአጎቴ ጋቢ ጥለት። ሙሉ ቤት። በግራ በኩል ያለውን የአየር መንገድ ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። አባዬ ዓይቶ «ወይ ጉድ፣ ተከራይ ይዘን ነው ለካ የምንሄደው» አለ።

ሐይቅ ዳር
ውይ! ያጎትህ ጭድ ነዋ። እዚህ የቆመ መኪና ሁሉ እንደዛ ነው። የኔዋ አየር ማጣሪያ ውስጥ በቆሎ አግኝቻለሁ።

ጋሽ ዳዶ
በል አሁን ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመ። ልጁ ሁሉንም አጠበቀብህ፤ ሦስቱ በጠባቡም ቢሆን ተቻሉት። ሦስተኛው ግን ድሮም ትኩስ ነው፣ ላስቲክ የለውም፣ በላዩ አይጥ ተኝቶበታል። ቴስታታውን ላክልኝ አልልህም፣ ቶርኖ ቤት ያለው ልጅ ይበቃሃል።

ቶርኖ ቤት
አምጥቶታል፣ ዓይቼዋለሁ። የሦስተኛው ጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዙ በአንድ በኩል ተበልቷል፤ በጥፍር ይያዛል። አንገቱም ከሌሎቹ ጋር ሳስተያየው ቀጥኗል። ሊቆረጥ ነበር፣ ብዙ አልቀረውም። በካንዴላው ቀዳዳና በመቀመጫው መሃል ስንጥቅ ፈለግሁ፤ እዚያ ጋ መሰንጠቅ ይወዳሉ። የለም፣ ተርፏል። በሁለቱም ቴስታታ አራቱንም ጭስ ማውጫ አዲስ አድርገናል። ማስገቢያዎቹ ተፈጭተው ተመልሰዋል። ጋይዱ (የቫልቩ አንገት የሚንሸራተትበት ቱቦ) ይህን ያህል አይወላገድም። ገጥመን ስንጨርስ ላምባ አፍስሼበት አሳደርኩት፤ ጠብ አላለም።

ሌላ ያገኘሁት አለ። የአንደኛው ማስገቢያ ማስተካከያ ብሎን ጫፉ ተበልቶ ጎድጉዷል። ፊለር ጌጅ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉድጓዱን ተሻግሮ ያልፋል። 0.15 ብለህ ታስቀምጣለህ፣ እውነተኛው ክፍተት ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ ስትል የነበረችው በዚህ ነው።

የቧንቧ ውሃው
ማለት... አንድ ብሎን ነበር?

ቶርኖ ቤት
አንድ ብሎን። ስምንቱን ከማጥበቅ አንዱን መቀየር ነበር።

ጋሽ ዳዶ
ስትገጥም የምትረሳቸውን ልንገርህ። የዘንግ ቱቦዎቹን (ሮከሩን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉባቸውን)፣ ያን አኮርዲዮን የመሰለውን፣ በእጅህ ሳብ አድርገህ አስረዝመው፣ 190 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይለፍ። ስፌቱ ወደ ላይ ይሁን፣ ላስቲኩ አዲስ። አለበለዚያ ዘይት ሲያንጠባጥብ ትኖራለህ። የቴስታታው ዳዶ ያንተ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ስለሆነ 32 ኒውተን ሜትር፣ የሮከሩ 25። በክንድ ልክ አይሠራም፤ ቶርክ ቁልፍ ተዋስ። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይቆሽሻል፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይረው፣ ያኔውኑ ፑንቴሪያውንም እይ። ላስቲኩን ሳትገጥም ደግሞ እንዳታስነሳት።

የቧንቧ ውሃው | ከሦስት ሳምንት በኋላ
500 ኪሎ ሜትር ሄደች። ትናንት ጠዋት ከፈትኩ። ቴስታታዎቹ አዲስ ስለተገጠሙ ሁለቱ ትንሽ ተንቀሳቅሰው ነበር፣ 0.12 አካባቢ፤ መለስኳቸው። የሦስተኛው ጭስ ማውጫ 0.15። ሁለቴ ለካሁት፣ አላመንኩም። አባዬም ለካው።

ከኮምቦልቻ በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁ። ባጃጁን አላገኘሁትም እንጂ። ድምፁ ትንሽ ትንሽ አለ፣ ቀጭን ጠቅ ጠቅ። አባዬ ከጎኔ ተቀምጦ ሸዋ በር እስክንደርስ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «ይቺ ድምፅ በጓደኞቼ መኪና ሁሉ ነበረች» አለ። ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም ስለው «አልጠየቅከኝም» ብሎኝ እርፍ።

ሐይቅ ዳር
እኔን ግን አሳሰባችሁኝ። የኔዋ ድሮ ጠቅ ጠቅ ትል ነበር። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ምንም አትልም። ጥሩ ሆነች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ነገ ጠዋት ሳላስነሳት ልከፍታት ነው። ሐይቅ አካባቢ 13 ቁልፍና ፊለር ጌጅ ያለው አለ?

የቧንቧ ውሃው
እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ አጎቴም ጋ ጉዳይ አለኝ። የክዳን ጋስኬትም ተርፎኛል። 1 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። አታስነሻት ብቻ።